ስልሳ ዐይን

አቶቴ ባጃጅ ተራ፣ ከፊቴ ዐሥራ አንድ ሰው፣
ወሬው ሁሉ አልቆብን ዝም ያልንበት ቀን ነው።
እትዬ አስካለች ከዋርካው ሥር፣ በርጩማዋ ላይ
የሕፃን ኮፍያ ትሠራለች፣ እጇን ሳታይ።
«ከምታፋሽግ ለእጅህ ሥራ ስጠው» አለችኝ፤
ሁለት የብስክሌት ራጂ፣ ጫፋቸው የተሞረደ፣ ሰጠችኝ።

«ለጀማሪ እጅጌ የለም፣ አንገት የለም፣ ኪስ የለም፣
አራት ማዕዘን ነው፤ አራት ማዕዘን የሚያቅተው የለም።
ስልሳ ዐይን ትጥላለህ፣ ትሄዳለህ፣ ትመለሳለህ፣
ከአቶቴ መናኸሪያ ማለት ነው፤ መንገዱን ታውቃለህ።
ሲረዝምልህ እጠፈው ለሁለት፣
ጫፍና ጫፉን ስፋው፣ መኻሉን ተወው ክፍት።
በተሰፋው ክንድ ይገባል፣ ክፍቱ ጀርባ ያቅፋል፤
ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው፣ ምኑ ያስቸግራል?»

ስሙን ጠየቅኋት። ትከሻዋን ሰበቀች።
«እኔ እንጃ፤ ትከሻ በለው» አለች።

ያሰብኩት ለእኅቴ ለመስታወት ነው፤
የሌሊት ፈረቃ ናት፣ ፓርኩ ውስጥ የምታድረው።
በሀዋሳ ሙቀት ማን ይበርደዋል አትበሉኝ፤
አዳራሹን የሚያቀዘቅዘውን ማሽን እሷን ጠይቁልኝ።
ሥራዋ ጥራት ነው። ሸሚዝ ያልፋል፣ ሸሚዝ ያልፋል፣
የዘለለ ክር፣ የሳተ ስፌት፣ ዐይኗ ለቅሞ ይይዛል፣
ቀይ ቀስት ትለጥፍበታለች፣ ይመለሳል።
ባሕር ማዶ ላለ፣ ለማታውቀው ትከሻ
ስታጣራ ታድራለች፣ እስከ ንጋት መዳረሻ፤
የራሷን በነጠላ ጫፍ ሸፍና።

ክር አልገዛሁም። የተማሪ ቤት ሹራቤን ፈታሁት፣
እንደ ኢንዶሚ ተጠቅልሎ አስቸገረኝ፣
ዐሥር ዓመት የኖረበትን ቅርጽ አልረሳ አለኝ።
በሙቅ ውኃ ነክሬ፣ ድንጋይ አንጠልጥዬበት አቃናሁት።

ተራው ሳቀ። «ሻንቆ አርግዟል!» አሉ፤
«ወሩ ስንት ነው?» ይሉኛል በየዕለቱ ሲያልፉ።
ትራፊኩ አንድ ቀን መንጃ ፈቃድ ጠይቆኝ
ከክሩ ጥቅል መኻል ሳወጣ አይቶኝ፣
ሊቀጣኝ የያዘውን ደረሰኝ አጥፎ ኪሱ ከተተ።
አሞራ ገደል ሰው አድርሼ ስጠብቅ
አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ከበው፣ ትከሻቸውን ሰብቀው፣
ማን እንደሠራላቸው ባይታወቅም
እነሱ ለብሰውታል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

አርባ አንደኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት መጣች፣
«ሪፈራል፣ ኮንትራት» ብላ ሳትጨርስ ምጧ ያዛት፣ ጮኸች።
ራጂውን ወረወርኩ። ጡሩምባዬን እየነፋሁ
ቀይ መብራት ጥሼ በሩ ላይ አደረስኩ።
ወንድ ትውለድ፣ ሴት ትውለድ አላወቅሁም፤
ሒሳቤንም አልጠየቅሁም።
ማታ ብቆጥር፣ ደግሜ ብቆጥር፣
በስልሳ ሄጄ በሃምሳ ዘጠኝ ተመልሻለሁ።
አንዷ ዐይን ወድቃለች፤ ታች ድረስ ቀዳዳ ትታ።
መፍታት ነበረብኝ። አልፈታሁም።

ዓርብ ማታ ሰጠኋት፣ የሠራተኛው አውቶቡስ ሳይመጣ።
«ማን ሠራው?» አላለችም፣ ምስጋናም ከአፏ አልወጣ፤
አምፖሉ ሥር ዘረጋችው፣ ረድፉን በጥፍሯ ተከትላ፣
የባዕድ ሸሚዝ፣ የፋብሪካ ዕቃ አስመስላ፣
ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስምንት፣
አርባ አንድ ላይ ቆመች።
ከኪሷ ቀይ ቀስት አወጣች፣ ለጠፈች።
«ይመለስ?» አልኳት።
ትከሻዋን ሰበቀች፤
የሠራሁት ትከሻም አብሯት
ተነሣ፣ ወረደ፤ ለካ ስትመረምር ለብሳው ነበር በአንድ ክንዷ።
ጡሩምባው ጮኸ። ሌላውን ክንዷን ደጅ እየሮጠች አስገባች።

ጠዋት ለሥራ ስወጣ
ጫማዋን ሳታወልቅ በሆዷ ተኝታለች፣ ለብሳዋለች።
ቀስቱ አልተነቀለም።
ጀርባዋ ሲነሣና ሲወርድ እሱም ይነሣል፣ ይወርዳል፣
የወደቀችዋን ዐይን ለኔ ያሳያል።
የቤንዚን ሰልፉ ሳይረዝም ብዬ
በሩን ቀስ አድርጌ ገጠምኩት።